ሴሊካ ጂቲ፣ የጣርማ በር ቁልቁለት እና የፍሬኑ ነገር

በአንድ የመኪና ባለቤቶች የኢንተርኔት መድረክ ላይ አንድ ክር፣ ማለትም የጥያቄና የመልስ ውይይት፣ አነበብኩ። ክሩን የከፈተው ደብረ ብርሃን የሚኖር ልጅ ነው። መኪናዋ የ1994 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ ጂቲ ናት። ሞተሯ 5ኤስ-ኤፍኢ፣ 2.2 ሊትር፣ ካምቢዮዋ ማንዋል። ከአጎቱ እንደገዛት፣ ግቢው ውስጥ ክሪክና የቁልፍ ሳጥን እንዳለው፣ ጋራዥ መመላለስ እንደሰለቸው ጻፈ። ከዚያ በገዛ እጁ ሊሠራ ያሰበውን ደረደረ። ሞላውን (ስፕሪንጉን) ቆርጦ መኪናዋን ዝቅ ማድረግ። የአየር ፊልትሮውን ሳጥን አውልቆ ክፍት ፊልትሮ መግጠም። ማርሚታውን በሰፊ መለወጥ። ከሸዋ ሮቢት ሲመለስ ዳገቱ ላይ ስለምትሞቅበት ደግሞ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን) አውጥቶ መጣል። መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ አንድ መስመር ጨመረ። ደብረ ሲናን አልፎ ሲወርድ የፍሬኑ ፔዳል ይለሰልስና ወደ ታች ይገባል። ቆሞ ትንሽ ሲያርፍ ግን ይመለሳል።

ለእኔ ዋናው ጥያቄ ያ መስመር ነው። ሰዉ ግን እዚያ የደረሰው ብዙ ከተባባለ በኋላ ነው።

መንገዱን ለማታውቁት፦ ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጣርማ በር ላይ መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ዋሻውን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,280 ሜትር አካባቢ ነው። ከ1,700 ሜትር በላይ ቁልቁለት ማለት ነው፣ ያውም በጥምዝምዝ። ጠዋት ጃኬት ደርቦ የወጣ ሰው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል።

መልስ 1 ጨዋ ነበር። እንኳን ደስ ያለህ ብሎ፣ መኪናዋ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደችና ቺንጋዋ (የቫልቮቹን ጊዜ የሚያስጠብቀው የሞተር ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ያኔ የመለሰለት ግን አልነበረም።

መልስ 2 ከአዲስ አበባ ነው። ሞላውን በግራይንደር አንድ ዙር ቢቆርጠው እንደሚበቃ፣ እሱም ኮሮላው ላይ እንዳደረገውና መኪናው መሬት ነክሶ እንደሚሄድለት አስረዳ። መልስ 3 ወደ መንዝ የሚመላለስ ሰው ነው፤ ወዲያው ተቆጣ። የተቆረጠ ሞላ ጫፉ ቦታው ላይ አይቀመጥም አለ። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ሞላው ይላቀቅና ሲመለስ ተጣሞ ይገባል። ከዋናው አስፋልት ወጥተህ ፒስታ ስትጀምር ደግሞ የዘይት ኮፓህን ድንጋይ ይመታዋል። መኪናዋን የገዛሃት ልትነዳት ነው ወይስ ፎቶ ልትነሳባት ብሎ ጨረሰ። አነጋገሩ ቆጣ ያለ ቢሆንም ነገሩ ልክ ነው። ዝቅ ማድረግ የፈለገ ሰው ለዚያው የተሠራ አጭር ሞላና ከሱ ጋር የሚሄድ አሞርዛተር ይገዛል። ብሩ ከሌለው እንዳለች ይተዋታል።

መልስ 4 ባለመኪናው ራሱ ነው። በትህትና አመስግኖ፣ ሞላውን ለጊዜው እንደተወው፣ ሙቀቱ ግን እንቅልፍ እንደነሳው ጻፈ።

እዚህ ላይ ነው ክሩ የሞቀው። መልስ 5 ቴርሞስታት ለፈረንጅ አገር ብርድ የተሠራ ስለሆነ እኛ ዘንድ አያስፈልግም አለ። አውጣውና ጣለው፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው። ይህን ምክር ያልሰማ ባለመኪና ያለ አይመስለኝም። መልስ 6 ሳቀበት። ምክሩ የተሰጠው በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ለሚያድርበት ለደብረ ብርሃን ሰው መሆኑን አስታወሰ። ማታ ማታ ኮፈኑ ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ የሚያለብሱ ጎረቤቶች እንዳሉትም ጨመረ። ጠዋት ሞተር ከማስነሳት በፊት ማንሳቱ ካልተረሳ ምንም ክፋት የለውም።

መልስ 7 ከደብረ ሲና ነው፣ መካኒክ። ረጅም ነው፤ ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩትም እሱን ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ጣርማ በር ላይ ደግሞ 90 እንኳን አይሞላም። የራዲያተር ክዳን የተሠራው ለዚህ ነው፤ ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከ110 በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግን ግፊት የለም። የዚህ መኪና ፋን የሚነሳው ውሃው ከ90 አልፎ ወደ 93 ሲጠጋ ነው። ስለዚህ ክዳኑ የሞተ መኪና ጣርማ በር ላይ ፋኑ ከመነሳቱ በፊት ይፈላል። ሰው ቴርሞስታቱን ይረግማል፤ ጥፋተኛው ክዳኑ ነው። ወይ ደግሞ የደፈነ ራዲያተር።

እንዴት እንደሚፈተሽም አስረድቷል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ክፈት፣ ጎማው ተሰነጣጥቆ ወይም ጠንክሮ እንደሆነ በጥፍርህ ጫን አድርገህ እይ። ከዚያ ዝጋና ሞተሩን አሙቅ። የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ በጨርቅ ይዘህ ጨመቅ አድርገው። ግፊት ካለ ይጠነክርብሃል። እንደ ቀዝቃዛው ጊዜ የሚለሰልስ ከሆነ ግፊቱ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው። ትርፍ ጠርሙሱ ውስጥ አየር ሳያቋርጥ የሚንተከተክ ከሆነ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መሃል ያለው ማሸጊያ) ሊሆን ስለሚችል፣ ያ የግቢ ሥራ አይደለም። ደግሞ የቧንቧ ውሃ ብቻ አትሙላ፤ ግማሽ በግማሽ ኩላንት ያለው ውሃ በውርጭ አይረጋም፣ ውስጡንም አያዝግም።

መልስ 8 አልተዋጠለትም። ሸዋ ሮቢት የሚኖር ሹፌር ነው። ያለ ቴርሞስታት ለዓመታት እንደነዳና አንድም ቀን ችግር እንዳልገጠመው፣ መጽሐፍ ላይ ያለና መንገድ ላይ ያለ እንደሚለያይ ጻፈ። መካኒክ የሚያስፈራራው ሥራ እንዲያገኝ ነው የምትል ነገርም ጣል አድርጓል።

መልስ 9 አስተማሪ ይመስላል፤ ሁለቱን ለማስታረቅ ሞከረ። ሸዋ ሮቢት ሙቀት ስለሆነ ሞተሩ ያለ ቴርሞስታትም ቢሆን ከሞላ ጎደል ይሞቃል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን የዚህ ሞተር ቴርሞስታት የሚከፈትበት 82 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳን ሳይደርስ ውሎ ይገባል። የሞተሩ ኮምፒውተር ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ዘይቱ ይበላሻል፣ ነዳጅ ይፈጃል። አስታራቂነቱ ጥሩ ነበር። የሸዋ ሮቢቱ ሹፌር ግን መልስ 10 ላይ ቤንዚኑን የምሞላው እኔ ነኝ ብሎ ዘጋው።

ከመልስ 11 እስከ 14 ጉልበት ነው። በፍጥነት ልለፈው። ክፍት ፊልትሮና ሰፊ ማርሚታ ስንት የፈረስ ጉልበት ይጨምራል በሚል ተጣሉ። አንዱ ኦክቴን የሚጨምር ፈሳሽ መከረ። አስተማሪው እንደገና ገብቶ፣ ይህ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ 135 የፈረስ ጉልበት እንደነበረው፣ ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ወደ ሩብ የሚጠጋው እንደሚጠፋ፣ በከፍታ ቦታ ሞተር የሚፈልገው ኦክቴንም ዝቅ ስለሚል ፈሳሹ ብር ማባከን መሆኑን ነገራቸው። ክፍት ፊልትሮ ደግሞ ኮፈን ውስጥ ያለውን ትኩስ አየርና የፒስታውን አቧራ ይስባል። የቶዮታ ሳጥን ከፊት በኩል ቀዝቃዛ አየር ይወስዳል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ሞልቷል። ቱርቦ ግጠምበት ያለም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ከየትኛውም ክር አይጠፋም።

መልስ 15 ነው ሁሉን ያስቆመው። ደብረ ብርሃን ውስጥ የመለዋወጫ ሱቅ ያላት ሴት ናት። እስካሁን የተጻፈውን ሁሉ እንዳነበበች፣ አንድም ሰው ስለ ፍሬኑ እንዳልተናገረ ገልጻ ባለመኪናውን ሁለት ነገር ጠየቀችው። ፔዳሉ ይለሰልሳል ወይስ ጠንካራ ሆኖ ሳለ መኪናዋ አልቆም ትላለች? የፍሬን ዘይቱስ መቼ ተቀየረ?

ልዩነቱን አብራርታዋለች። ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው የማይቆም ከሆነ ሸራው (ዲስኩን ይዞ የሚያቆመው) ግሏል፤ ሽታውም ይታወቃል። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ከገባ ግን የፈላው ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው፤ አዲስ ዶት 3 እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል። እርጥበት ከጠጣ በኋላ 140 ላይ ይፈላል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ የጠጣው 155 ነው። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲረገጥ ይታመቃል እንጂ ካሊፐሩን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን) አይገፋም። ሲቀዘቅዝ ወደ ፈሳሽ ስለሚመለስ ፔዳሉም ይመለሳል። እሱ የጻፈው ምልክት ይኸው ነው። ሱቋ የሚመጣ ሰው ስለ ቸርኬ አንድ ሰዓት እንደሚያወራ፣ የፍሬን ዘይት ግን ካልፈሰሰበት ትዝ እንደማይለው ጨምራለች። ዘይት ለመሸጥ ብላ ነው ብሎ የሚጠራጠር ካለም ከፈለገበት ይግዛ አለች።

መልስ 16 ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ይሻላል ብሎ ዶት 5 መከረ። መልስ 17 ቶሎ አረመው። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይደባለቅም። 3 እና 4 ይስማማሉ፣ 5.1ም እንደዚያው፤ 5 ግን ለብቻው ነው። የመሪ ዘይት ወይም የሞተር ዘይት እፍኝ ታህል እንኳን ብትገባ ጎማዎቹን ሁሉ አሳብጣ ትጨርሳቸዋለች።

መልስ 18 የደሴን መስመር በጭነት መኪና ዕድሜያቸውን የጨረሱ አዛውንት ናቸው። ልጁ ከዚህ በኋላ ጋሼ እያለ ነው የጠራቸው። ስለ ዶት ብዙ ግድ የላቸውም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው። ስትወርድ በስንተኛ ማርሽ ነው? ወይስ ነዳጅ ቆጠብኩ ብለህ በፎሌ፣ ማርሽ ሳይገባ፣ ትለቃታለህ? እሳቸው በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚለውን እንደሚከተሉ፣ ፍሬን ረግጦ ይዞ መውረድ ሳይሆን ረገጥ አድርጎ መልቀቅ እንደሆነ፣ የጣርማ በር ጉም ሲወርድ ደግሞ ቁልቁለቱ እንደማይታይና እግር ሳያውቀው ፍሬኑ ላይ እንደሚቀር ጻፉ።

መልስ 19 ላይ ልጁ አመነ። በፎሌ ነበር የሚወርደው። መልስ 20 ወረደበት። የማይጻፍ ነገር ነው፤ መንጃ ፈቃድህን የት ገዛኸው ከሚለው ሳይጀምር አልቀረም። መልስ 21 የመድረኩ አስተዳዳሪ ነው፣ ስድብ ከቀጠለ ክሩ እንደሚዘጋ አስጠነቀቀ። ከስድቡ ይልቅ ግን ልጁን የመለሰው አስተማሪው ይመስለኛል። መልስ 22 ላይ እንዲህ ያለ ኢንጀክሽን ሞተር ማርሽ ገብቶለት ነዳጅ ሳይረገጥ ሲወርድ ቤንዚኑን ጭራሽ እንደሚዘጋ፣ በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን እንደሚጠጣ አስረዳው። በፎሌ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው የካርቡራቶር ዘመን ወሬ ነው። ከፍሬኑም ከኪሱም አልሆነለትም።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ጉም ሲነሳ የጉም መብራት ቢጫ ይሁን ነጭ፣ ዋሻው በጣሊያን ጊዜ እንዴት ተቆፈረ፣ ማን ነው ጉልበቱን ያፈሰሰው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎቹን ዳቦ እየወረወሩ መንገድ ዳር ማስለመድ ትክክል ነው ወይ። የጭላዳው ክርክር ከፍሬኑ ይበልጥ ሰው አናገረ። አንዱ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ሴሊካዋን ሸጦ ኤሌክትሪክ መግዛት እንደሚሻል፣ እሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሞተሩ እየያዘ ባትሪ እንደሚሞላ ጻፈ። ሌላው ባትሪው እስከ ዳገቱ ጫፍ ያደርስሃል ወይ ብሎ ጠየቀው። እነዚህን ሁሉ ቆጥሬ 31 ላይ ደረስኩ።

መልስ 32 ቁም ነገር ነው። የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ ለሚያስቸግረው ሁሉ ይጠቅማል። የዚያ ዘመን ሴሊካ ኮፈን ስር ትንሽ የምርመራ ሳጥን አላት። ክዳኑ ውስጥ የቀዳዳዎቹ ስም ተጽፏል። ቲኢ1 እና ኢ1 የሚሉትን በአጭር ሽቦ አገናኝተህ ቁልፉን ሞተር ሳታስነሳ ስትከፍት መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ኮድ ይቆጥርልሃል። ሁለት ብልጭታ፣ እረፍት፣ አንድ ብልጭታ ከሆነ 21 ነው፤ ኦክስጅን ሴንሰር። 22 የውሃ ሙቀት ሴንሰር ነው፣ 31 የቫኪዩም ሴንሰር፣ 41 የነዳጅ ፔዳሉን አከፋፈት የሚያነበው። ለዚህ ለማንም ብር መክፈል የለብህም።

ልጁ የተመለሰው መልስ 33 ላይ ነው። ከክሩ ሁሉ ደስ ያለኝ ይኸኛው ነው፤ ምክር ተቀብሎ የሚጠፋ እንጂ ተመልሶ የሚናገር ጥቂት ነውና። ራዲያተር ክዳኑ ጎማው እንደ ብስኩት ተፈረፈረ አለ። ቀይሮ፣ ቴርሞስታቱንም አዲስ ገዝቶ መልሶ አስገባ። ፍሬኑን ከእህቱ ጋር ነው የሠራው። እሷ ፔዳሉን ረግጣ ትይዛለች፤ እሱ ጎማው ስር ሆኖ የአየር ማውጫዋን ቡሎን ግማሽ ዙር ይፈታል። ቀጭን ላስቲክ ከቡሎኗ ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ ገብቷል፣ ጫፉ ዘይት ውስጥ ተነክሯል። ቡሎኗን ሳያጠብቅ እህቱ እግሯን ካነሳች አየር ስለሚገባ አንዴ እንደተጯጯሁ ጽፏል። ከማስተር ሲሊንደሩ ከሚርቀው የኋላ ጎማ ጀምሮ ወደ ቅርቡ መጣ። የወጣው ዘይት ቡና መልክ ነበረው። ማስተሩ እንዳይደርቅ በየመሃሉ እየሞላ ማር የመሰለ ዘይት እስኪወጣ ቀጠለ።

ሌላም ነገር አገኘ። የፊት ቀኝ ካሊፐር የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ዝገው ደርቀዋል። ሸራው ሳይለቅ እየተሻሸ ነበር ማለት ነው። የውስጠኛው ሸራ ወደ ብረቱ ተጠግቷል፣ የውጭው ግን ገና ወፍራም ነው። ፒኖቹን አጽድቶ፣ የጎማ መሸፈኛቸውን ቀይሮ፣ ለፍሬን የሚሆነውን ግሪስ ቀባ። ተራ ግሪስ ጎማውን ያበላሻል። ከዚያ ሸዋ ሮቢት ደርሶ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ወርዶ፣ ፔዳሉ ከላይ እስከ ታች አልለሰለሰበትም። ሲመለስም ዳገቱ ላይ የሙቀት ጌጁ ከመሃል አላለፈም።

መካኒኩ መልስ 34 ላይ ግራ ቀኙ ሸራ አንድ ላይ እንዲቀየር፣ ነጠላ ጎን መቀየር መኪናውን ወደ አንድ ጎን እንደሚስበው አሳሰበ። አዛውንቱ መልስ 35 ላይ መረቁት።

መልስ 36 የመጀመሪያው ጠያቂ ነው፤ ስለ ቺንጋው የጠየቀው። እስካሁን መልስ እንዳላገኘ ቅር ብሎት አስታወሰ። ልጁ አጎቱ መቼ እንደቀየረው እንደማያስታውስ መለሰ። መልስ 38 ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ተጋጭተው ሞተሩ እንደሚያልቅ አስፈራራ። መካኒኩ አረመው፦ በዚህ ሞተር ቫልቭና ፒስተን አይገናኙም፤ ሁሉም የቶዮታ ሞተር ግን እንዲህ አይደለም። ቢሆንም ቁልቁለት ላይ ሞተር ድንገት ከጠፋ መሪው ይከብዳል፤ የፍሬን ሰርቮውም (የእግርህን ግፊት የሚያግዘው) ጥቂት ርግጫ ከረዳህ በኋላ አቅሙን ስለሚጨርስ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። በየ96,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚቀየር ነገር ነው። ታሪኩ ካልታወቀ እንዳለፈበት ይቆጠራል።

ባለሱቋ መልስ 40 ላይ የውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው ያው ቺንጋ ስለሆነ፣ ያን ሁሉ ፈትቶ ቺንጋውን ብቻ መቀየር ሥራውን ሁለት ጊዜ መሥራት መሆኑን ጻፈች። ቺንጋ፣ መወጠሪያ፣ ፓምፕ፣ የካምሻፍትና የክራንክሻፍት ዘይት መያዣ ጎማዎች አንድ ላይ። ሞተሩ ከካምሪ ጋር አንድ ስለሆነ ዕቃው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሳያስኬድ እንደሚገኝ፣ የካምሪ ብሎ መጠየቅ እንደሚሻልም መከረችው፤ የሴሊካ ሲባል ዋጋው ከፍ ይላልና። ልጁ ስንት ነው ብሎ ጠየቃት። እሷም አሮጌውን ቺንጋ ፈትተህ ይዘህ ሱቅ ና፣ ዋጋ እዚህ አይወራም አለችው።